የጠበቆች ማኅበር ለቦሬ ነጋዴ ምኑ ነው?

ስለ ጠበቆች ማኅበር ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴን የሰማ አንድ ወዳጄ፣ «ይህ የጠበቆች ጉዳይ እንጂ የእኛ የነጋዴዎች ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ገብስና ስለ ከብት ዋጋ ብትጽፍ ይሻልሃል» ሲል መከረኝ። ምክሩን በአክብሮት ሰማሁት፤ ነገር ግን አልተቀበልኩትም። ምክንያቱም የገብሱም ሆነ የከብቱ ዋጋ የሚሰበሰበው የገዛው ሰው የገባውን ቃል ሲፈጽም ነው። ቃሉን ሳይፈጽም ሲቀር ደግሞ ነጋዴው የሚሄደው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ፍርድ ቤት ነው። በዚያም በር ላይ የሚያገኘው ሰው እውነተኛ ጠበቃ መሆን አለመሆኑ፣ ከመጋዘኑ በር ቁልፍ ያላነሰ ያሳስበዋል።

የአገራችን የንግድ መንገድ እንዴት እንደሆነ አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። ከቦሬ የተነሣ ጭነት በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ መኪናውም ሲመለስ ሳሙና፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ጨርቃ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ በአዶላ በኩል አልፎ ወደ ነገሌ ቆላ ይወርድና ከከብትና ከግመል ነጋዴዎች ጋራ ይገበያያል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ወዲያው የሚከፍለው ከፊሉ ነው፤ የቀረው የሚሠራው በዱቤ ነው። ዱቤ ደግሞ በመተማመን ይቆማል። መተማመንም ራሱ፣ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በሕግ የሚጠየቅ መሆኑ ሲታወቅ ይጸናል፤ ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ግን እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የቆላ ከብት ነጋዴ 180,000 ብር አበደሩ። ሁለቱ ሰዎች ለብዙ ዘመን ተማምነው የሠሩ ስለነበሩ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ተባብለው በእጅ ተሰጣጡ። ዓመት ካለፈ በኋላ ተበዳሪው ገንዘቡን አልተቀበልኩም ብሎ ካደ። እኛም ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ በደጁ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ሰው «ጠበቃ ነኝ» ብሎ ተቀበለን፤ 15,000 ብርም ያለ ደረሰኝ ወሰደ። ማመልከቻውን ጻፈ፤ በሁለት ቀጠሮ ግን ሳይቀርብ ቀረና መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የፈቃዱን ቁጥር ብንጠይቀው የሚያሳየው አልነበረውም። ከፊሉ ጥፋት የእኔ ነው፤ አንድ ኩንታል ገብስ ስንገዛ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ የምመረምር ጸሐፊ፣ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ጠበቃ ስንይዝ ፈቃዱን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከዚህ በኋላ ያገኘነው እውነተኛ ጠበቃ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ ቁጥር 2472ን አነበበልን። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። ይህ ሕግ ከተጻፈ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የ500 ብርም ዋጋ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እጅግ ወርዷል። ስለዚህ ዛሬ በገበያችን ውስጥ ከሚደረጉት ብድሮች ይህ ቁጥር የማይነካው ጥቂት ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን ለዕዳም ጭምር እንደሆነ ያን ዕለት ተረዳሁ።

የደረሰው ጉዳት ግን በ180,000 ብር ብቻ የሚቆም አይደለም። አለቃዬ ከዚያ ወዲህ ለቆላው ገበያ በዱቤ አይሸጡም። ከዚያ ነገር ምንም የሌሉበት ሐቀኞች የነገሌ ነጋዴዎች ቀድሞ ያገኙት የነበረውን ዱቤ አጡ፤ የእኛም ሽያጭ ያንኑ ያህል ቀነሰ። አንድ ሐሰተኛ ጠበቃና አንድ ያልተጻፈ ውል በሁለት ከተማዎች መካከል የነበረውን ንግድ አጠበቡት።

እንግዲህ የጠበቆች ማኅበር ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር የሕግ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ በችሎት ቆመው የሚከራከሩት ባሪስተሮች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ውል የሚጽፉት፣ ደንበኛውን የሚመክሩትና ሰነዱን የሚያዘጋጁት ሶሊሲተሮች ናቸው። የሶሊሲተሮቹ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ሙያቸውን የሚያዋርዱ ሰዎች ከመካከላቸው በመኖራቸው፣ የሥራውን ክብር የሚጠብቅ አንድ አካል ያስፈልጋል ብለው ነው ማኅበሩን የመሠረቱት። በአገራችን ግን ይህ ክፍፍል የለም፤ አንዱ ጠበቃ ሁለቱንም ይሠራል። ለነጋዴ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠቅመው የሶሊሲተሩ ሥራ ነው። በችሎት ከሚረታ ጠበቃ ይልቅ ወደ ችሎት የማያደርስ ውል የሚጽፍ ጠበቃ ይበልጣልና።

በኢትዮጵያ ሙግት ጥንታዊ ነው፤ ነገር አዋቂም በአገሩ ሁሉ የተከበረ ነበር። በሕግ የተመዘገበ ጠበቃ የሚባለው ግን የመጣው ከጠላት ወረራ በኋላ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እንደ አዲስ ሲደራጁ፣ ቀጥሎም በ1940ዎቹ የጠበቆች ምዝገባ ደንብ ሲወጣ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፍቶ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የሕግ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ነገር ግን በፈቃድ የሚገቡበት ማኅበር የማይገባበትን ሰው ሊገሥጽ አይችልም። ፈቃድ የመስጠቱም፣ የመቆጣጠሩም፣ የመቅጣቱም ሥራ በመንግሥት እጅ ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ነው። በዚህ አዋጅ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ ተቋቋመ፤ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሁሉ አባል እንዲሆንም ተደነገገ። ፈቃድ መስጠቱ ከመንግሥት እጅ ባይወጣም፣ ጠበቆች ስለ ሙያቸው አስተዳደር ራሳቸው የሚናገሩበት በሕግ የታወቀ ማኅበር አገኙ። ቀድሞ እያንዳንዱ ጠበቃ ለብቻው ይሠራ የነበረው ቀርቶ፣ ብዙዎች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቆሙም ተፈቀደ። ለነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጠበቃ ቢታመም ወይም ቢሞት መዝገቡን ይዞ የሚቀጥል ድርጅት አለና።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የፌዴራል ነገር ነው፤ እኛ ያለነው በኦሮሚያ ክልል ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ በክልል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። ነገር ግን የቦሬ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አስመጪ ጋራ ሲካሰስ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሻገር ይችላል። ከዚህም ሌላ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በሕግ ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በፌዴራልም በክልልም ያሉትን የበታች ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ማኅበር ሥራውን በሚገባ ቢሠራ ለክልሎቹም ምሳሌ ይሆናል፤ ቢያጎድል ደግሞ ጉድለቱ እስከ እኛ ይደርሳል።

በእኔ አስተያየት የጠበቆች ማኅበር መሪዎች ሊመዘኑባቸው የሚገቡ ሥራዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ነው። በአዋጁ መሠረት ጥብቅና ማለት በችሎት መከራከር ብቻ አይደለም፤ በክፍያ ውል ማዘጋጀት፣ የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ መጻፍና የሕግ ምክር መስጠትም ጥብቅና ነው። ታዲያ ነጋዴው ፈቃድ ያለውን በምን ያውቀዋል? በየከተማው ያለው ሰው የፈቃድ ዝርዝር ለማየት ወደ ዋና ከተማ መሄድ የለበትም። የጠበቆች ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና የሚሠሩበት ቋንቋ ተጽፎ በየንግድ ምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚጠይቀው ወጪ የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። ቋንቋውን መጨመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን መዝገባችንንና ውላችንን የምንይዘው በአማርኛ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማስተማር ነው። ሕግ እንደ ጨርቅ ያረጃል፤ ይለወጣልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 በከፊል ተተክቷል። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የሚናገረው ክፍል አዲስ ሲሆን፣ ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው ግን የቀድሞው ነው። በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል፤ ቀድሞ ይህ አልነበረም። ይህን የማያውቅ ጠበቃ ደንበኛውን በአሮጌ ካርታ ይመራዋል። አዋጁ ጠበቆች ተከታታይ ሥልጠና እንዲወስዱ ይደነግጋል። ነገር ግን ሥልጠናው ሁልጊዜ በአዲስ አበባ አዳራሽ የሚሰጥ ከሆነ የሩቅ ከተማ ጠበቃ ወይ ሥራውን ትቶ ይጓዛል፣ ወይ ሳይማር ይቀራል። ዋጋውንም የሚከፍለው የእርሱ ደንበኛ ነው።

ሦስተኛው ሥራ አቤቱታ መስማት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ በቀጠሮ የማይቀርብ፣ የደንበኛውን ምሥጢር ለባላጋራው የሚያወጣ፣ ወይም ከሁለቱም ወገን የሚበላ ጠበቃ ሲገኝ፣ ተበዳዩ ወዴት ይሂድ? አገሬው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። ነጋዴ መረታትን ይችለዋል፤ ሳይሰማ መረታትን ግን አይችለውም።

እዚህ ላይ ወዳጄ ያነሣውን አንድ ክርክር ማስቀረት አይገባኝም። «የጠበቆች ማኅበር ጠበቃን ይጠብቃል እንጂ እኔን አይጠብቅም፤ ውሻ የውሻን ሥጋ አይበላም» ብሎኛል። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። እንግሊዞችም ከብዙ ልምድ በኋላ ይህንኑ ተገንዝበው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ የጠበቆችን ጥቅም የሚያስጠብቀውን ሥራና ጠበቆችን የሚቆጣጠረውን ሥራ ለያይተዋል። የሶሊሲተሮችን ጥፋት በሚያየው ዳኝነት ላይም ከሙያው ውጭ የሆኑ ሰዎች አብረው ይቀመጣሉ። የእኛም ማኅበር ከዚህ ሊማር ይገባዋል። ጠበቃ በተከሰሰበት ጉባኤ ላይ ከጠበቆች ጋራ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የአገር ሽማግሌ ወይም አንድ መምህር ቢቀመጥ ፍርዱ ይበልጥ ይታመናል። የማኅበሩ መሪዎችም ይህን እንደ ውርደት ሊቈጥሩት አይገባም፤ ሐቀኛ ጠበቃ ስሙ የሚጠራለት ሐሰተኛው ሲለይ ነውና።

ስለ መሪነት ስንናገር የምንማረው ከባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በጉጂና በቦረና ምድር ላለነው ሰዎች የገዳ ሥርዓት የቅርብ ትምህርት ቤት ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። በቦረናም በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ ይመረመራል፤ መሪዎችም ይጠየቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የትኛውም የሙያ ማኅበር ከዚህ ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል። እነርሱም ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብና በአደባባይ መጠየቅ ናቸው። አባል የመሆን ግዴታ ያለበት ማኅበር መዋጮው በግድ የሚከፈል ስለሆነ፣ ሒሳቡን በየዓመቱ ለአባላቱ መግለጥ ከሌሎች ማኅበሮች ይልቅ በእርሱ ላይ ይጸናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት ከማኅበር ቤት መውጣት አለበት።

ማኅበር ከዋና ከተማው ውጭ ሊደርስ አይችልም የሚል ካለ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ከሞያሌ ማዶ ያለው የኬንያ የሕግ ማኅበር በናይሮቢ ብቻ ሳይወሰን በልዩ ልዩ የአገሩ ክፍሎች ቅርንጫፎች አሉት፤ ፕሬዚዳንቱም በአባላቱ ድምፅ ለሁለት ዓመት ይመረጣል። በራሳችን አገር ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በባልደረቦቻቸው መሪነት ተነሥቶ፣ ከአዲስ አበባም ውጭ ቅርንጫፎች ከፍቶ፣ ለመክፈል ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጥቷል፤ በ1992 ዓ.ም. ለወጣው ለተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ብዙ ደክሟል። ወይዘሮ መዓዛ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። ያ ማኅበር አባል የመሆን ግዴታም በአዋጅ የተሰጠ ሥልጣንም አልነበረውም። በፈቃደኞች ጉልበት ይህን ያህል ከተሠራ፣ በአዋጅ ከተቋቋመ ማኅበር ብዙ መጠበቅ መብታችን ነው።

ስለ ድሆች ስናነሣ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ሰዓቱ በዋና ከተማ ብቻ ቢያልቅ ጉሊት ላይ ለምትቀመጠው እናት ምን ይጠቅማታል? የጉሊት ነጋዴም ነጋዴ ናት፤ የእርስዋም ዕዳ ዕዳ ነው። ከዚህ ሰዓት ከፊሉ በገበያ ቀን በገበያ ከተማ እንዲውል ማድረግ የመሪዎች ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ሁሉን ነገር ከጠበቆች መጠበቅ አይገባንም። እኛ ነጋዴዎች ጠበቃን የምንፈልገው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ለውል ጽሕፈት ጥቂት መቶ ብር መክፈልን እንደ ብክነት ቈጥረን፣ ለክርክር በአሥር ሺሕ እንከፍላለን። ፈቃድ የሌለውን ጉዳይ አስፈጻሚ በርካሽነቱ የምንመርጠውም እኛው ነን። ሐሰተኛው ጠበቃ የሚኖረው በእኛ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን አመራር የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከክልሉ የፍትሕ ባለሥልጣናትና ከጠበቆች ማኅበራት ጋራ ተጻጽፎ ፈቃድ ያላቸውን ጠበቆች ዝርዝር በየስድስት ወሩ ያስለጥፍ፤ በዚህም ሳምንታዊ ጋዜጣ ያሳትም። ሁለተኛ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዱቤ ሽያጭና ስለ ጭነት የሚያገለግሉ የውል ናሙናዎች በአማርኛና በኦሮምኛ በጠበቆች ተዘጋጅተው በየሱቁ ይታደሉ። ሦስተኛ፣ በቦሬ፣ በአዶላና በነገሌ በወር አንድ የገበያ ቀን ጠበቆች በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ነጋዴውን የሚመክሩበት ሥርዓት ይኑር። አራተኛ፣ በጠበቃ ላይ አቤቱታ ያለው ነጋዴ አቤቱታውን በምክር ቤቱ በኩል ለሚመለከተው አካል የሚያደርስበት፣ መልሱንም በጽሑፍ የሚያገኝበት መዝገብ ይከፈት።

ከእነዚህ አንዱም እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የሚፈልጉት ሁለት ማኅበራት፣ የነጋዴውና የጠበቃው፣ አንዱ ለሌላው ደብዳቤ እንዲጽፍና መልስ እንዲሰጥ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ የእኔ ሙያ ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ቢፈቅድ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያለ ዋጋ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

አለቃዬ ለነገሌ ሰው ዳግመኛ በዱቤ የሚሸጡበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ። ያ ቀን ሲመጣ ግን ብድሩ በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ የጻፈውም ጠበቃ ስሙ በምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።